በርሜል ሲሞላ የሚጮኸው ሳጥን

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው... ደርግ ጊዜ፣ ሮቤ። ምስር እየለቀምኩ ሳለ ሦስት የቀበሌ አብዮት ጠባቂዎች ሳያንኳኩ ገቡ። ሁለቱ ጠመንጃ ይዘዋል።

«ባልሽ የታለ?» አለኝ ኃላፊያቸው።

«ትምህርት ቤት... ፈተና ያርማል።»

«እንግዲያው የሬዲዮ መገናኛውን አንቺው አሳዪን።»

ሰፌዱ ከጭኔ ላይ ወደቀ። ያኔ በባሌ ክፍለ ሀገር መገናኛ ደብቋል የተባለ ሰው ለሰርጎ ገብ ወሬ ያቀብላል ማለት ነው። በዚህ ተወስዶ የተመለሰ ሰው አላውቅም።

ባለቤቴ ከሌላ ክፍለ ሀገር ተመድቦ የመጣ የፊዚክስ መምህር ነበር። ትርፍ ጊዜውን የሚያሳልፈው የተበላሸ ሬዲዮ ሲፈታ፣ ትራንዚስተር ሲነቅል፣ ሽቦ ሲበይድ ነው። የዚያ ሰሞን ሥራው ከአሸንዳው ሥር ያለው በርሜል ሲሞላ የሚጮኽ ሳጥን ነበር። ሁለት ሽቦ ከቤት ወጥቶ፣ በኦሮምኛ «አዴ»፣ እናቴ፣ የምላቸውን የጎረቤታችንን የዘይነባን አጥር ታክኮ፣ በርሜሉ አፍ ላይ ይንጠለጠላል። ውሃው ሽቦዎቹን ሲነካ ሳጥኑ ይጮኻል፤ እኔም ሮጬ ሁለተኛውን በርሜል እደግናለሁ። ይኸው ነው።

ሳጥኑን አውርጄ ይህንኑ ነገርኳቸው።

«እስቲ አስጩኺው» አለ ኃላፊው።

ከበርሜሉ ውሃ በጣሳ ቀድቼ ሽቦዎቹን ነከርኩ... ዝም።

ለካ የባትሪ ድንጋዮቹ ውስጡ የሉም! ደክመው ስለነበር ነፍስ እንዲዘሩ ብሎ ባለቤቴ ጠዋት ፀሐይ ላይ አስጥቷቸዋል። ከአጥሩ ሥር ሳመጣቸው አንደኛው ጠመንጃውን እንደደገነ ተከተለኝ። ከተትኳቸው፣ ነከርኩ... አሁንም ዝም።

«ምን ይጮኻል! በዝምታ ነዋ የሚልከው» አለ ባለጠመንጃው።

«ገመድ አምጣ» አለ ኃላፊው። «ባልየውንም ከትምህርት ቤት እናነሳዋለን።»

ያን ጊዜ የባለቤቴ ደብተር ትዝ አለኝ። መሠረተ ትምህርት ፊደል ካስቆጠረኝ በኋላ ያገኘሁትን ወረቀት ሁሉ እያነበብኩ ነው ንባብ የለመድኩት፤ የእሱንም ደብተር ተደብቄ አነብ ነበር። «የዝናብ ውሃ ንጹሕ ስለሆነ ኤሌክትሪክ በደንብ አያሳልፍም፤ ድንጋዩ ሲደክም ጭራሽ አይጮኽም፤ ጨው ሲገባበት ይሻላል» ይላል አንዱ ገጽ።

ቤት ውስጥ ግን ጨው የለም። ያን ሰሞን ከቀበሌው ሱቅ ጠፍቷል።

«ጨው! ኧረ ጨው ስጡኝ!» እያልኩ ጮህኩ።

አዴ ዘይነባ በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ። «ማል ታኤ? ምን ሆንሽ ልጄ?»

«ጨው፣ አዴ! በአላህ ይሁንብዎ!»

«ባሏ ሊታሰር ነው፣ እሷ ወጥ ታጣፍጣለች!» ብሎ አንዱ ሳቀ።

አዴ ለምን ብለው አልጠየቁኝም። ጨው በእፍኛቸው ይዘው፣ ጠመንጃውን በክርናቸው ገፋ አድርገው ገቡ። «ይቺን ልጅ የነካ እኔን ነው የነካው!» ብለው ጨውን ጣሳው ውስጥ በተኑት።

ነከርኩ። ሳጥኑ ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ለቀቀው። ባለጠመንጃው ደንግጦ ወደ ኋላ ሲዘል ምስሬን ረገጠው። ኃላፊው ሽቦውን አወጣ... ዝም አለ። ነከረ... ጮኸ። ደጋግሞ ሞከረው። በመጨረሻ «ለምርመራ ይፈለጋል» ብሎ ሳጥኑን ታቅፎ ሄደ። ሳምንት ሳይሞላ አዲስ ድንጋይ ገብቶለት ከራሱ አሸንዳ ሥር ሲጮኽ ሰማነው።

ከሰዓት ባለቤቴ መጥቶ ሁሉን ስነግረው ፊቱ አመድ መሰለ።

«ማነው የነገራቸው? ሽቦውን በየቀኑ የምታየው ዘይነባ ብቻ ናት!»

«ጨው የሰጡኝ እኮ እሳቸው ናቸው...»

«ሥራዋን ልታይ ነዋ የመጣችው!»

የተረገጠውን ምስር ከመሬት መልቀም ጀመርኩ።

የነገርኳቸው እኔ ነበርኩ። በዚያው ሳምንት፣ ከቅዳሜዋ በፊት፣ የሴቶች ማኅበር ስብሰባ ላይ፣ ማንበብ ተምራለች ተብዬ እንድናገር አስነሱኝ። ጭብጨባው አሰከረኝ። «ባሌ የሠራው ዕቃ ብቻውን ድምፅ ያወጣል፣ ሽቦው እስከ ውጭ ድረስ ነው!» ብዬ ጉራዬን ነዛሁ። ከመድረኩ ሥር ኃላፊው ተቀምጦ ይሰማ ነበር።

ነገ እነግረዋለሁ እያልኩ ዓመታት አለፉ። ባለቤቴ እስኪሞት ድረስ ለአዴ ዘይነባ ሰላምታ አልሰጠም።

የሞተ ዕለት ቀድመው የደረሱት ግን እሳቸው ናቸው። አጠገቤ ቁጭ ብለው እጄን ያዙኝ።

«ልጄ... ምን አድርጌው ነው እንዲህ የጠላኝ?»

«እንጃ፣ አዴ» አልኳቸው።

ዛሬ እሳቸውም የሉም።

ያ ሳጥን እንኳ ጨው ያለበት ውሃ ሲነካው አፍ አውጥቶ ይጮኽ ነበር... እኔ በለቅሶው ዕለት ያን ሁሉ እንባ አፍስሼ ትንፍሽ አላልኩም።