ከደርግ ጊዜ የዘገየ ቡናማ ቀበቶ

ዛሬ ጠዋት አምቦ ላይ፣ በሃምሳ ስምንት ዓመቴ፣ የካራቴ ቡናማ ቀበቶ ታጠቅሁ።

በደርግ ጊዜ ቀበሌ አዳራሽ ያሠለጠኑን ኦቦ ቶሎሳ ራሳቸው ባለ ቡናማ ቀበቶ ነበሩ። በስታይላችን ደንብ ደግሞ አሠልጣኝ የራሱን ደረጃ ለተማሪ አይሰጥም። አዲስ አበባ ሄደው ቀጣዩን፣ ጥቁሩን ቀበቶ፣ እንዳይፈተኑ ቀበሌው የይለፍ ወረቀት ከለከላቸው።

እኔም ከቡናማው በታች፣ አረንጓዴ ላይ ቀረሁ። (ነጩን ቀበቶ አረንጓዴ የነከረችው እናቴ ናት። ሲያልበኝ ሱሪዬም ማዕረግ ያገኝ ነበር።)

ደርግ ወድቆ የይለፍ ወረቀቱ ከቀረም በኋላ ዛሬ ነገ ሲሉ የቆዩት ኦቦ ቶሎሳ ባለፈው ወር፣ በሰባ ዓመታቸው፣ ተፈትነው ጥቁሩን ይዘው መጡ። ዛሬ ደግሞ እኔን ላብ በላብ እስክሆን ፈተኑኝና ያንን አሮጌ ቡናማቸውን አስታጠቁኝ። "ኮቱ" አሉኝ በኦሮምኛ፤ "ና፣ አሁን መስጠት እችላለሁ።"

"ጥቁሩስ?" ብላቸው፣ "እኔ ሁለተኛ ዳን፣ የጥቁሩን ቀጣይ ደረጃ፣ ስይዝ" አሉ። ልምምድ ጀምረዋል።

እናንተንስ ማን ነው በደንብ ስም እንዲህ ያስጠበቃችሁ?