ሦስት ቀን የቀረው ማሳ

ነገሩ የሆነው ደርግ ሥልጣን ከያዘ አራት ወይም አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ያኔ ገና ሃያ ዓመት አልሞላኝም ነበር፤ ዛሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። በቀደም የእህቴ ልጅ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛ መጣችና "አክስቴ፣ የነርስ ዲግሪ ያዋጣል ወይ? እስኪ ወጪና ገቢውን አብረን እናስላው" አለችኝ። እንዲህ ባትለኝ ኖሮ አሁንም ዝም እንዳልኩ እቀር ነበር። እኔም በእሷ ዕድሜ ይህንኑ ሒሳብ ሠርቻለሁ። ሒሳቤ አልተሳሳተም፤ እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ግን እሱ ነው።

አገሬ ላስታ ነው፤ ከላሊበላ ወጣ ብሎ፣ ገነተ ማርያም አካባቢ። ወልድያ ዘመድ ቤት ተጠግቼ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨረስኩና አንድ ዓመት ያለ ሥራ ቤት ተቀመጥኩ። በዓመቱ ሰኔ ላይ የጥሪ ደብዳቤ መጣልኝ። ለሦስት ዓመት የነርስነት ትምህርት ተመርጠሻል፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀርበሽ ተመዝገቢ ይላል። ለአባቴ ሁለት ጊዜ አነበብኩለት። ሦስተኛውን እንዳነብለት የጠየቀኝ ራሱ ነው።

ትምህርቱ የመንግሥት ስለሆነ ክፍያ የለውም። ነገር ግን ብርድ ልብስ፣ አንሶላና ጫማ ይዛችሁ ኑ ይላል። መሳፈሪያ አለ፤ የሦስት ዓመት ሳሙናና ደብተር አለ። ቤታችን ውስጥ ይህን ሁሉ የሚችል አንድ ሀብት ብቻ ነበረን፤ እሱም ቦራ የምንለው በሬያችን ነው።

አባቴ ፊደል አልቆጠረም። "የተማርሽው አንቺ ነሽ፤ አስቢውና ንገሪኝ" አለኝ። ላሊበላ ወርጄ ከጤና ጣቢያው ጤና ረዳት የነርስ ደመወዝ ስንት እንደሆነ ጠይቄ መጣሁ። ደብተሬን ከሁለት ከፍዬ በአንድ በኩል ወጪውን፣ በሌላ በኩል ደመወዙን ጻፍኩ። ሥራ በያዝኩ በመጀመሪያው ዓመት ቦራን የመሰለ በሬ ገዝቼ ለአባቴ እንደምመልስለት፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ትርፍ እንደሆነ አስረዳሁት። ኩራቴ ለጉድ ነበር።

አባቴ ደብተሩን የሚያነብ ይመስል ትኩር ብሎ አየና "ደምሴንስ የት ላይ ጻፍሽው?" አለኝ።

በእኛ አገር አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ እንደሱው አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር ይቀናጃል። ሁለቱ በሬዎች ባንድ ቀንበር ይጠመዱና በተራ አንድ ጊዜ የአንዱን ማሳ፣ አንድ ጊዜ የሌላውን ያርሳሉ። መቀናጆ ይባላል። አያ ደምሴ የአባቴ መቀናጆ ነበሩ። ዳልቻ የሚባለው በሬያቸውና ቦራ ስድስት ዓመት አብረው አርሰዋል። ታዲያ እርሻ ከተጀመረ በኋላ አንደኛው ወገን በሬውን አይሸጥም። የግድ ከሆነበትም አስቀድሞ ለመቀናጆው ይነግራል። ይህን የማያውቅ የላስታ ልጅ የለም፤ እኔም አውቅ ነበር።

ያን ሰሞን ደግሞ አባቴ ወባ ይዞት ከርሞ ስለነበር፣ ሲሻለው አያ ደምሴ የራሳቸውን ተራ ለቀውልን የእኛ ማሳ ቀድሞ ተዘርቶ ነበር። የቀረው የእሳቸው ነው።

አባቴ ሄዶ ሊነግራቸው ተነሣ። የከለከልኩት እኔ ነኝ። "ከነገርካቸው ሽማግሌ ይልካሉ። ሽማግሌ ከመጣ አንተ እምቢ አትልም፣ እኔም እቀራለሁ" አልኩት። እሳቸው ሌላ መቀናጆ አያጡም፣ ብንሸጥ በመጪው ቅዳሜ ገበያ ነው፣ በሬው ሳይከሳ ጥሩ ያወጣል እያልኩ ወተወትኩት። አባቴ ተመልሶ ተቀመጠ። ቅዳሜ ማለዳ ቦራን እየነዳ ወደ ላሊበላ ገበያ ወረደ፤ ማምሻውን ብቻውን ተመለሰ።

ሰኞ ጠዋት አያ ደምሴ ቀንበራቸውን ተሸክመው፣ ዳልቻን እየነዱ ግቢያችን ገቡ። ባለቤታቸው የዘሩን ስልቻ ተሸክመው ከኋላ ይከተላሉ። ዳልቻ እንደ ልማዱ ቀጥ ብሎ ቦራ ወደሚታሰርበት ቦታ ሄደና እዚያው ቆመ።

አባቴ አያቸውና ወደ ቤት ገባ። መናገር የኔ ፋንታ ሆነ።

"አያ ደምሴ፣ ቦራ ተሽጧል" አልኳቸው።

ቀንበሩን ከትከሻቸው አላወረዱም። ለምን እንደተሸጠ ጠየቁኝ፤ ለትምህርቴ ነው አልኩ። ምን ልትሆኚ ነው ሲሉኝ ነርስ አልኩ። ምን እንደሚሠራም ጠየቁኝና የታመመ እንደሚያስታምም፣ መርፌ እንደሚወጋ ነገርኳቸው።

"እንግዲህ ይቅናሽ ልጄ" አሉና ዳልቻን መልሰው እየነዱ ወጡ። ባለቤታቸው ግን አንዴም አላዩኝም።

እኔ ሞኟ መረቁኝ ብዬ ደስ አለኝ። ሽማግሌም አልላኩብንም። በሳምንቱ ሳጥኔን በበቅሎ አስጭኜ ሄድኩ።

ትምህርቱ እንዳሰብኩት አለቀ፤ ደመወዙም ጤና ረዳቱ እንደነገረኝ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት አጠራቅሜ ለአባቴ የበሬ መግዣ ላክሁለት። ገዛም። በበዓል ልጠይቃቸው ስሄድ ግን በሬው ያለ ሥራ ቆሟል፣ መሬታችንም ለሌላ ሰው በእኩል ተሰጥቷል። ምነው ብዬ ብጠይቅ እናቴ ናት የመለሰችልኝ፤ መቀናጆውን በእርሻ መካከል ከድቷል ተብሎ አገሩ ሁሉ ከአባቴ ጋር መቀናጀት እምቢ አለ። አያ ደምሴስ የት ናቸው ብል "ወደ መንገድ ሥራው ወርደዋል" ብላ ወሬ ቀየረችብኝ። እኔም አጥብቄ አልጠየቅኩም፤ መልሱን ፈርቼ ይመስለኛል።

በዓመቱ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ስሠራ፣ ለመንገድ ሥራ ድንጋይ ሲፈልጥ እጁ የተጨፈለቀ የቀን ሠራተኛ አመጡ። ካርዱን ሳነብ የአያ ደምሴ ስም ነው። ቀና ብዬ አየሁ፤ እሳቸው ናቸው፣ በአምስት ዓመት ውስጥ ሃያ ዓመት አርጅተው። ነጭ ጋውን ስለለበስኩ ነው መሰለኝ መጀመሪያ አላወቁኝም። ቁስሉን አጥቤ ስጨርስ "እጅሽ ቀላል ነው፣ የማን ልጅ ነሽ?" አሉኝ። ነገርኳቸው።

ይቆጣሉ ብዬ ነበር። እሳቸው እቴ! አግዳሚው ላይ ወደተቀመጡት በሽተኞች ዞረው "ይቺ ልጅ በእኛ በሬ የተማረች ናት" አሉ። ፊታቸው በኩራት በራ። ሰዉ ሳቀ። እኔ ቀና ሳልል ፋሻውን ጠቀለልኩ።

እጃቸው እስኪድን በየሁለት ቀኑ ይመጡ ስለነበር ነገሩን ቀስ በቀስ ነገሩኝ። ያን ዓመት ሰው ሁሉ ተቀናጅቶ አልቆ ነበር፤ ለዳልቻ ጓደኛ አላገኙም። ከባለቤታቸው ጋር ማሳውን በመቆፈሪያ ቆፍረው አንድ ጥግ ብቻ ዘሩ። በኋላ መሬት ሲደለደል ጦም ያደረው ተነሥቶ በሬ ላለው ተሰጠ። ዳልቻን ሸጡ፤ ጎጇቸውን ዘግተው ወደ መንገዱ ወረዱ።

"አያ ደምሴ፣ በሬ ልግዛልዎት" አልኳቸው።

"ምን ላይ ላርስበት ልጄ?" አሉኝ። እንደ መሳቅ ብለው ነው ያሉኝ።

የመጨረሻው ቀን ፋሻውን ስፈታላቸው ግን አልሳቁም። "ተአባትሽ ቂም የለኝም። ሦስት ቀን ነበር የቀረኝ። ቢነግረኝ ሦስት ቀን ታገሠኝ ብዬ ዘሬን አስገብቼ፣ በሬውን እኔው ራሴ ገበያ እነዳለት ነበር። ስድስት ዓመት አንድ ቀንበር ላይ ኖረን፣ ለምን ደበቀኝ?"

ሦስት ቀን። የጥሪው ደብዳቤ ሁለት ሳምንት ሰጥቶኝ ነበር። የሚቀጥለው ቅዳሜ ገበያ ይደርስልኝ ነበር።

ደብቀው ያልኩት እኔ ነኝ ልል አፌን ከፈትኩ። አግዳሚው ላይ ያሉት ሰዎች ያዩኛል። በእኛ በሬ የተማረች ብለው ያሞገሱኝ ሰውዬ ያዩኛል።

"ቸኩሎ ይሆናላ" አልኳቸው።

"ይሆናል" አሉና የዳነውን እጃቸውን አጠፍ ዘርጋ አድርገው እያዩ፣ መርቀውኝ ወጡ። ከዚያ ወዲህ አይቻቸው አላውቅም። ሁለት ዓመት ሳይቆይ ያ ክፉ ቀን፣ ያ ረሃብ መጣ፤ ብዙ ሰው በዚያው መንገድ አለፈ። ስማቸውን ያልጠየቅኩበት መጠለያ የለም፤ የሚያውቃቸው አላገኘሁም።

ለአያ ደምሴ ያልኩትን ሁሉ ለአባቴ ነገርኩት፤ የሱንም ስም እንዳጠፋሁ ጭምር። ለምን ለአገሬው እውነቱን እንዳልነገረ ስጠይቀው "ገመዱን ለገዢው ያስረከብኩት እኔ ነኝ። አንቺ ልጅ ነበርሽ" አለኝ። ዳግመኛ አላነሣብኝም። ሲሞት አስከሬኑን የተሸከሙት ሰዎች መቀናጆውን የከዳ ሰው መሆኑን ያምኑ ነበር፤ እኔም ከአስከሬኑ ጎን እየሄድኩ ምንም አላልኩም።

የእህቴ ልጅ ወረቀቷን ከሁለት ከፍላ የኮሌጁን ክፍያና ደመወዙን ስትጽፍ ተቀምጬ አየኋት። ያዋጣል አልኳት፤ እኔን ከነወንድሞቼ አኑሮኛልና እውነቴን ነው። አቅፋኝ ሄደች። ሦስቱን ቀን ግን አልነገርኳትም። አሁንም እንደዚያ ቀን አፌን ከፍቼ ዘጋሁት።

ስለዚህ ነው የጻፍኩት። አያ ደምሴ፣ አባቴ ሊነግርዎ ተነሥቶ ነበር። ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ።