የጋጋኖ ምስክር

ልጅ ሳለሁ ተረት በነጻ ሰምቼ አላውቅም። ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በታች፣ ወደ ወንዙ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ጎረቤታችን የነበሩት እማማ ጥሩነሽ፣ አመሻሹ ላይ የሰፈሩን ልጆች በምድጃቸው ዙሪያ ሰብስበው፣ እንዝርታቸውን እያሾሩ፣ «ተረት ተረት» ከማለታቸው በፊት አንድ በአንድ ይጠይቁን ነበር። «አንቺስ ብርቄ? ዛሬ ምን ወፍ አየሽ?» ወፍ ያላየ ተረት አይሰማም። ያየም ቢሆን እንዲሁ አያልፍም፤ የት ተቀመጠች፣ ምን በላች፣ ወደየት በረረች፣ ሁሉንም ማስረዳት አለበት። ያኔ በዓለም ላይ ያለ ሰው ሁሉ ተረት የሚገዛው በወፍ ይመስለኝ ነበር።

የጎረቤታችን ልጅ ታፈሰ አንድ ምሽት «አራዳ ገበያ ሰጎን አየሁ» አለ። እማማ እንዝርታቸውን ሳያቆሙ «ሰላምታ ሰጠሃት?» አሉና ወደ ውጭ አመለከቱት። የዚያን ቀን ተረት ታፈሰ የሰማው በጭቃው ግድግዳ ስንጥቅ በኩል ነው፤ ጭሱም በዚያው ስንጥቅ ይወጣ ስለነበረ እስከ ማግስቱ ዓይኑ እንደቀላ ዋለ። ያየሁትን አየሁ፣ ያላየሁትን አላየሁም ማለት እንግዲህ የገባኝ ከንስሐ አባታችን ተግሣጽ አይደለም፤ ከዚያ ጭስ ነው።

ስለዚህ ቀኑን ሙሉ አንገቴን አንጋጥጬ እዞር ነበር። የጊዮርጊስ ርግቦች ጉልላቱ ላይ እንደ ደብተራ ተሰልፈው ሲያጉረመርሙ፣ ጭላት ከሥጋ ሻጮቹ መደብ ላይ ቁራጭ ነጥቆ ባለቤቱ ሳይሳደብ ሲሰወር፣ ማጅራቱ ነጭ የሆነው ቁራ የልብስ አጣቢዋን ሳሙና ይዞ ሲበር አየሁ። የከተማችንን ታላላቅ ሰዎች በኋላ ሳውቃቸው ብዙም እንግዳ አልሆኑብኝም።

ከሁሉ የሚበልጡብኝ ግን ከእማማ ጎጆ ጎን በቆመው አሮጌ ጥድ ላይ የሚያድሩት ጋጋኖዎች ነበሩ። መልካቸው አመድማ ጥቁር፣ ምንቃራቸው እንደ ማጭድ የጎበጠ፣ ከጉሮሯቸው ሥር ቀጭን ሥጋ እንደ ክር የተንጠለጠለ፣ ጩኸታቸው የሠርግ አጃቢ ሁሉ አንድ ላይ የሳቀ የሚመስል። ጎሕ ሲቀድ እየጮኹ ወደ ወንዙ መስክ ይወርዱና ትል ሲቆፍሩ ውለው፣ ማታ እየጮኹ ይመለሳሉ። እማማ ስለነሱ ሲተርቱ፣ ጋጋኖ ዱሮ የንጉሥ አንበሳ አዋጅ ነጋሪ ነበር ይሉናል። አንበሳ አንድ ቀን «ንጉሡ ዘንድሮ ጾመኛ ነው ብለህ አውጅ» አለው። ጋጋኖ ከቋጥኝ ላይ ወጥቶ፣ አፉን ከፍቶ፣ ቁልቁል ቢያይ የበግ ላት ከጌታው አፍ ተንጠልጥሏል። ቃሉ አልወጣ አለው፤ ሳቁ ግን ወጣ። «ከዚያ ወዲህ ማወጅ ተወ፣ መሳቅ ቀረው» ይላሉ እማማ፤ ፍሙንም በእንጨት ጫር ያደርጉታል፣ ብርሃኑም ፊታችንን ሁሉ አንድ ጊዜ ያቀላው ነበር።

የሰፈራችን ባለርስት ግራዝማች አጥናፌ ይህን ተረት መስማታቸውን አላውቅም። የማውቀው ጠዋት ጠዋት በበቅሎ ሆነው፣ ጠመንጃ የያዙ ሁለት አሽከሮች አስከትለው፣ በጥዱ ሥር እንደሚያልፉ ነው። ጋጋኖዎቹም ያን ጊዜ ይስቃሉ። ግራዝማች መጀመሪያ እንዳልሰሙ ሆነው አለፉ። ቀጥሎ ዞር ብለው አዩ። በሳምንቱ ካባቸውን ለወጡ፤ ሳቁ አልቀረም። የበቅሎዋን ዕቃ አስለወጡ፤ አልቀረም። በመጨረሻ «ሴትዮዋ ወፍ አሠልጥና ታሰድበኛለች! በሦስት ቀን ውስጥ ከሰፈሬ ትውጣ!» ብለው አዘዙ። የእማማ ጎጆ ባለበት ቦታ ላይ ሱቅ ሠርተው ለአንድ ግሪክ ነጋዴ ሊያከራዩ አስበው ነበር የሚል ወሬ ሰምቻለሁ። እኔ ግን የትልቅ ሰው ሐሳብ አልመረምርም፤ ስለ ወፍ ብቻ ነው የማወራው።

በዚያ ምሽት ተረት አልነበረም። እማማ «ነገ ሲያልፉ አስቆማቸዋለሁ፤ ባሌ ሞቶ የወጣው ከዚህ ቤት ነው፣ እኔም የምወጣው እንደሱ ነው» አሉን። ቤት ስገባ አባቴ እየጠበቀኝ ነበር። አባቴ የግራዝማች ጸሐፊ ነበር። «ከጠየቁሽ ‹ልጅ ነኝ፣ አላውቅም› በይ» አለኝ፣ ዓይኔን ሳያይ። «እንጀራችን ከእሳቸው እጅ ነው።» እሺ አልኩት። እሺ ማለት ያኔም ይቀናኝ ነበር።

በማግስቱ ግራዝማች ብቅ ሲሉ እማማ ወጥተው የበቅሎዋን ልጓም ጨበጡ። «በሕግ አምላክ! በንጉሥ አምላክ!» አሉ። በሕግ አምላክ ሲሉት እንኳን ሰው የሚፈስ ውኃ ይቆማል ይባላል፤ ውኃውን አላየሁም፣ በቅሎዋ ግን ቆመች። ያኔ መንገደኛ ሁሉ ዳኛ ነበርና ከቅዳሴ የሚመለሱ አንድ ሽበታም ባላምባራስ ተለምነው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ግራዝማችም ከበቅሎ ወርደው ተቀመጡ፤ የእማማ ነጠላ ጫፍ ከካባቸው ጫፍ ጋር ተቋጠረ፤ ሳይፈረድ ማንም ጥሎ እንዳይሄድ ደንቡ ነው። ሕዝቡም ከበበ። ጋጋኖዎቹ ቀደም ብለው ወደ መስኩ ወርደው ነበርና ችሎቱ ጥፋተኞቹ በሌሉበት ተጀመረ።

«ጠዋት ጠዋት ሳልፍ ይስቁብኛል» አሉ ግራዝማች። «ያሠለጠነቻቸው እሷ ናት።»

«እኔ ያሠለጠንኩት የሰው ልጅ ነው» አሉ እማማ። «ወፎቹን ያሠለጠናቸው እግዜር ነው፤ እሱን ይክሰሱ!»

ባላምባራስ «ምስክር አለዎት፣ እመት?» አሉ።

«አለኝ። ነይ ብርቄ!»

«ሕፃን አይመሰክርም!» አሉ ግራዝማች።

«በሰው ጉዳይ አይመሰክርም። ይህ የወፍ ጉዳይ ነው፤ በወፍ ጉዳይ ከዚህች ልጅ የሚበልጥ ሽማግሌ ካለ ይምጣ!»

ባላምባራስ አፋቸውን በኩታቸው ሸፈኑና በእጃቸው ጠሩኝ። አባቴ ቀንድ ቀለሙን ይዞ ከበቅሎዋ ጎን ቆሟል። አየሁት፤ አትናገሪ እንደማለት ራሱን ነቀነቀ። እማማን አየሁ፤ እሳቸው ማታ ማታ እንደሚያዩኝ ነው የሚያዩኝ፣ ወፍ እንደሚጠብቁ።

«ወፎቹ ግራዝማች ሲያልፉ ይጮኻሉ?» አሉኝ ዳኛው።

«ይጮኻሉ፣ ጌታዬ።»

«ይኸው!» አሉ ግራዝማች።

«ሌላ ሰው ሲያልፍስ?»

«የጊዮርጊሱ ዲያቆን ሲያልፉም ይጮኻሉ። እንጨት ተሸካሚዎቹ ከእንጦጦ ሲወርዱም ይጮኻሉ። ማንም ሳያልፍም ይጮኻሉ። ሲነጋ ነው የሚጮኹት። የውኃ ቀጂው አህያ ሲያልፍም ይጮኻሉ።»

ሕዝቡ ጉምጉም አለ። ግራዝማች ከእማማ ጋር የተቋጠሩ መሆናቸውን ረስተው ብድግ ሲሉ እማማም አብረው ተጎተቱ። «ሰማችሁ! እኔንና አህያን እኩል አደረገችን!»

እኔ የፈራሁት ውሸታም እንዳልባል ነው። በግድግዳ ስንጥቅ ተረት መስማት አልፈልግም።

«ኧረ እኩልስ አይደለም፣ ጌታዬ» አልኩ። «ለአህያው ረዘም ይላል።»

አህያው ቀስ ብሎ ስለሚሄድ ነው ልል ነበር፤ የሚሰማኝ አጣሁ። ከሕዝቡ መካከል የቆሙት ዲያቆንም በሳቅ አጥር ይዘው ቀሩ። አባቴ ፊቱን በነጠላው ሸፍኖ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ ሥራችን ቀረ ብሎ የሚያለቅስ መሰለኝና አዘንኩለት። ባላምባራስ ዕንባቸውን ጠርገው ፈረዱ። ወፍ አይከሰስም፤ እመት ጥሩነሽም ከቤታቸው አይነቃነቁም። ጥዱ ግን የቆመው በግራዝማች አጥር በኩል ነውና የፈለጉትን ያድርጉበት።

አደረጉበት። ጥዱ ለመውደቅ ሁለት ቀን ፈጀ። እማማ ከደጃፋቸው ተቀምጠው፣ ዛፉ ሲጮኽ አንዴም ቀና ሳይሉ፣ እንዝርታቸውን ሲያሾሩ ዋሉ። አባቴ በዚያው ሳምንት ከሥራው ተሰናብቶ በጊዮርጊስ አጥር ሥር ማመልከቻ ጸሐፊ ሆነ፤ ከደንበኞቹ የሚበዙት ግራዝማችን የሚከሱ ነበሩ።

ጥዱ በወደቀ ማግስት ማታ ጋጋኖዎቹ ከመስኩ ተመለሱ። ዛፉ በነበረበት ባዶ ሰማይ ላይ ሦስት ጊዜ ዞሩ። አንገቴ እስኪደርቅ ተከተልኳቸውና እየሮጥኩ ከእማማ ቤት ገባሁ፤ እሳቱ ገና አልተያያዘም ነበር።

«እ? ምን አየሽ?» አሉኝ።

«ጋጋኖ። በሰፈራችን ባለው አንድ ቆርቆሮ ቤት ላይ ሰፈሩ።»

«የማን ቤት ላይ?»

«የግራዝማች። ከመኝታ ቤታቸው በላይ። ሁሉም።»

እንዝርቱ ሲቆም ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። በዚያ ምሽት ሁለት ተረት ሰማሁ፤ ታፈሰም ገብቶ እንዲሰማ ተፈቀደለት።

እማማ እንዳሉት ከዚያው ቤት ወጡ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በሰው ትከሻ። እኔም አድጌ ብዙ ግራዝማች አየሁ፤ ካባቸው ቢለያይም ሁሉም ምን እንዳየሁ ሊነግሩኝ ይወዳሉ። ሲነግሩኝ አንገቴን ደፍቼ እሺ እላለሁ፤ እሺ ማለት አሁንም ይቀናኛል። ያንን የጠዋት ጉዳይ እንኳ አንዳንድ አስተዋይ ሰዎች «እኩል ጮኹ ብትዪ ምን ነበረበት?» ይሉኛል። ምንም አልነበረበትም። ለአህያው ግን ረዘም ይል ነበር።