በረዶ ሳይወርድ የደረስንባት ከተማ

ጥፋቱ የእኔ ነው። ይህን አስቀድሜ ልናገር። እህቴ እስከ ዛሬ «የሁለታችንም ነው» ትላለች፤ ግን እሷ ሰው ሲወቀስ ማየት ስለማይሆንላት ምስክርነቷን አልቀበልም።

በአሥራ አንድ ዓመት ትበልጠኛለች። እናታችን ካረፈች በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ለትምህርት ወደ ሜልበርን ስመጣ ሻንጣዬን ያሰረችው፣ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ መጥታ ሳታለቅስ የሸኘችኝም እሷ ናት። እዚህ በመጣሁ በአራተኛው ዓመት ስልክ ደውላ ዓይኗ እየጠበበ መሆኑን ነገረችኝ። ሐኪሙ የዓይኗ ግፊት ዳር ዳሩን እየበላ ወደ መሃል እንደሚመጣ፣ የጠፋው እንደማይመለስ፣ የቀረውን በጠብታ ለማቆየት እንደሚሞክር አስረድቷታል። ምናልባት ሁለት ዓመት፣ ምናልባት ሦስት። አዲስ አበባ ውስጥ ክፍለ ከተማ መዝገብ ቤት ነው የምትሠራው፤ ሲነግሯት የሰማችውን ቃል በቃል፣ የሌላ ሰው ፋይል እንደምታነብ አድርጋ ነገረችኝ። እኔ ሆፐርስ ክሮሲንግ በተከራየኋት ክፍል ውስጥ ፍራሼ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

በሌላ ቀን፣ ራሴን ሰብሰብ ካደረግኩ በኋላ፣ «እቴቴ፣ ምን ማየት ትፈልጊያለሽ?» አልኳት።

«በረዶ» አለች፣ ሳታስብ።

«በረዶማ ሐምሌ ላይ ቆርቆሯችንን ሲቀጠቅጠው አይደል ያደግነው?»

«እሱን አይደለም። ድምፅ የሌለውን ነው። ባሕሩንም፣ ካንጋሮውንም፣ ሌላውን ሁሉ ባላየው እንኳ አስበዋለሁ። ዝም ብሎ የሚወርደውን ግን እንዴት አድርገው እንደሚያስቡት አላውቅም።»

ከዚያ ወዲያ ሐሳቤ ሁሉ አንድ ነገር ሆነ፤ ሳይጨልምባት በረዶ ማሳየት። መልእክት ጻፍኩላት። «በረዶው ሰባተኛው ወር ላይ ነው፣ ፈቃድሽን ለዚያ አድርጊው» አልኩ። ሐምሌ ብዬ ብጽፍ ምን ነበረበት? ግን አራት ዓመት ሙሉ ላቨርተን ኖርዝ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ላይ ቀን የሚለጥፍ ሰው ነኝ፤ ወር ለእኔ ቁጥር ሆኗል። እሷ ደግሞ ከመስከረም ጀምራ ስትቆጥር ሃያ ዓመት የኖረች የመዝገብ ቤት ሰው ናት። ሰባተኛው ወር መጋቢት ነው፤ አለቀ። ያለ ደመወዝ የሦስት ወር ፈቃድ አስፈቀደች፣ የማይለወጥ ትኬት ቆረጠች፣ «ሁሉም ተጠናቋል» ብላ የትኬቱን ፎቶ ላከችልኝ።

ፎቶውን ያየሁት የሻይ ሰዓት ላይ፣ ሳንድዊቼን በአንድ እጄ እንደያዝኩ ነው። መጋቢት ሜልበርን ውስጥ ሰው ገና በነጠላ ጫማ የሚሄድበት ወር ነው። በጣቴ ቆጠርኩ። ቪዛዋ ሦስት ወር ነው። የበረዶው ወቅት የሚከፈተው እሷ ወደ አገሯ ከተመለሰች ከሳምንት በኋላ ነው።

አውሮፕላን ማረፊያ ስቀበላት ሻንጣዋን ሳልይዝላት ነገርኳት። ሳቀች። «የእኛ ቢሮ ቢሆን በዚህ ስህተት ማስጠንቀቂያ ይጻፍብህ ነበር» አለች። ከዚያ ጉንጬን ሳመችኝና ስትዞር ከጋሪ ጋር ተጋጨች። ጋሪው ከጎኗ ነበር፤ አላየችውም።

መጋቢትና ሚያዝያ በዚህ ሁኔታ አለፉ። ነገሩን ለቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ስነግር የጸሎት ርዕስ አደረጉት። ረቡዕ ረቡዕ አንዱ ወንድም ዓይኗ እንዲፈወስ ይጸልያል፣ ሌላው በረዶው ከወቅቱ ቀድሞ እንዲወርድ ይጸልያል። እህቴ ለሁለቱም እኩል አሜን ትል ነበር። እኔ በሆዴ ሁለተኛው ይቀልላል እያልኩ የአየር ትንበያ እመለከት ነበር።

ማረፊያውን ኦንላይን ፈልጌ አገኘሁት። ተራራው አናት ላይ የተሠራች ትንሽ የበረዶ መንሸራተቻ ከተማ ውስጥ ያለ፣ ተደራራቢ አልጋና የጋራ ወጥ ቤት ያለው የእንጨት ቤት ነው። በበረዶው ወቅት ቢሆን በሩንም አልነካው፤ ከወቅቱ በፊት ግን ማንም ስለማይሄድ ለእኔ ኪስ የሚሆን ዋጋ ነበረው። ግንቦት ሊያልቅ ሲል አራት ሌሊት ቡክ አደረግኩ፣ ሺፍቴን ለጓደኛዬ ሰጠሁ፣ መኪናውንም ከእሱ ተዋስኩ። ዓርብ ጠዋት እንመለሳለን፣ ቅዳሜ ትበራለች። ያለን አራት ቀን ብቻ ነው።

ሰኞ ዕለት ከሰዓት በኋላ ጠመዝማዛውን መንገድ ስንወጣ እህቴ ድንገት ክንዴን ያዘችኝ። «ያው! በረዶ!» አለች።

መኪናውን ዳር አስይዤ አቆምኩ። ወዲያ ማዶ ያለው ተራራ ጎን ነጭ ነበር። ከዓመታት በፊት እሳት የበላው ጫካ ነው፤ ዛፎቹ ቅርፊታቸው ረግፎ እንደ አጥንት ነጥተው ቆመዋል። ስነግራት ስታያቸው ቆየች። «ይሁን፣ እነሱም ጥሩ ናቸው» አለች። እኔ ግን የሆነ ሰው የሚያሾፍብኝ መሰለኝ።

ከተማዋ ተኝታ ነበር። መንገዱ ላይ ሰው የለም፤ የበረዶ ጫማ የሚያከራዩት ሱቆች መስኮታቸው በወረቀት ተሸፍኗል። ሰው ወደ ተራራው የሚያመላልሱት ወንበሮች ሽቦአቸው ላይ እንደተንጠለጠሉ ቆመዋል፤ ከሥራቸው ሣር ብቻ ነው። የማረፊያው ባለቤት ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ወፍራም ሹራብ የለበሱ ሴት ናቸው። ቁልፉን ሰጡን፣ ሁለት ተጨማሪ ብርድ ልብስ ጨመሩልን። ግድግዳቸው ላይ «ዓመቱን ሙሉ የሚታይ ነገር አለን» የሚል ትልቅ ሰሌዳ ነበር፤ የእግር መንገድ፣ የብስክሌት መንገድ፣ ዓሣ የሚያዝበት ወንዝ፣ የድሮ ከብት ጠባቂዎች ጎጆ። ሴትየዋን በረዶ ይወርድ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ወደ ሰማይ አዩ፣ ወደ እህቴ አዩ፣ ከዚያ «ጎጆውን እዩት» አሉኝ። በጣም ተናደድኩ። እዚህ ድረስ የነዳሁት ጎጆ ላሳያት ነው እንዴ?

እህቴ ግን ሰሌዳውን አፍንጫዋ እስኪነካው ተጠግታ ከላይ እስከ ታች አነበበችውና «በተራ እንሂድበት» አለች።

በተራ ሄድንበት። እነዚያን ቀናት አሁን ሳስታውሳቸው የቱ ከየቱ በፊት እንደነበረ ይምታታብኛል። ጭጋግ ነበር። ጠዋት ከሸለቆው ተነሥቶ ይመጣና ቤቶቹን አንድ በአንድ ይወስዳቸዋል፣ ከሰዓት በኋላ መልሶ ያመጣቸዋል። እጇን ይዤ በእርጥብ ቅጠል ላይ እንሄዳለን፤ የእግራችን ድምፅ እንኳ አይሰማም። ወንዙ ዳር አንድ ዓሣ ውኃው ውስጥ ፈጽሞ ሳይንቀሳቀስ ቆሞ አገኘን። እህቴ ፈልጋ እስክታገኘው ረጅም ጊዜ ወሰደባት፤ ካገኘችው በኋላ ግን አልለቅም አለች። እሱም አልሄደም። ሁለቱ እንደዚያ ሲተያዩ እኔ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ አሁንም እዚያው ነበሩ።

ጎጆውንም አየነው። ከእንጨትና ከቆርቆሮ የተሠራ ነው፤ ዘንበል ብሏል። እህቴ ገብታ ግድግዳውን በመዳፏ ዳሰሰችው፣ ምድጃውን ዳሰሰችው፣ ወጥታ «የሰው ቤት ነው» አለች።

ማረፊያው ውስጥ የእርጥብ ልብስ ማድረቂያ ክፍል ነበረ። በበረዶው ወቅት መቶ ካፖርት የሚሰቀልበት፣ አሁን ባዶ መስቀያ ብቻ የተደረደረበት ክፍል ነው። ሴትየዋ ለሁለታችን ካልሲ ብለው ማሞቂያውን ከፈቱልን። ማታ ማታ እህቴ ወጥ ቤቱ ውስጥ ይዛ የመጣችውን ድርቆሽ ፍርፍር ትሠራለች፣ ከበላን በኋላ እዚያ ሞቃት ክፍል ውስጥ አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን እንቀመጣለን። ስለ ልጅነታችን ታወራልኛለች። ድምፅዋና ሙቀቱ ይቀላቀሉብኛል፤ ሜልበርን ይሁን ሰፈራችን ይሁን የት እንዳለሁ የማላውቅበት ጊዜ ነበር። ደስ ይለኛል። ወዲያው ስልኬን አወጣና ትንበያውን አያለሁ። ጭጋግ። ካፊያ። ጭጋግ።

ሐሙስ ዕለት ከከተማዋ በላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ከፊታችን ሸለቆ አለ ይባላል፤ ጭጋጉ ውጦታል። የመጨረሻው ቀናችን ነው። አላስቻለኝም።

«እቴቴ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። አንዲት ወር በስሟ መጥራት አቅቶኝ ነው።»

«ተው እንጂ።»

«አልተውም። ዓመት ጠብቀሽ ብትመጪ ኖሮ…»

«የዛሬ ዓመት ምን እንደሚቀረኝ አላውቅም» አለች። እጇን አንሥታ ጣቶቿን ቀለበት አድርጋ ዓይኗ ላይ ያዘች። «አሁን ይህን ያህል ነው። ባለፈው ዓመት ሰፋ ያለ ነበር። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚገባልኝ። አንተን ሳይ ወንበሩ የለም፣ ወንበሩን ሳይ አንተ የለህም።» እጇን አወረደችና «ፈርቻለሁ» አለች። «ቢሮ ውስጥ ለማንም አልተናገርኩም። በጣም ፈርቻለሁ።»

በሕይወቴ ፈርቻለሁ ስትል የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ጋቢዋን አስተካክዬ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረግኩላት፤ ጭጋጉ እስኪያርሰን እዚያው ተቀመጥን።

ዓርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ገደማ ወጥ ቤት ውስጥ ዕቃ ስናስር ሴትየዋ በሩን ከፈቱ። በጣታቸው ወደ ውጭ አመለከቱ።

እየወረደ ነበር። ስስ ነው፣ መሬት ሲነካ ይቀልጣል፣ ግን በረዶ ነው። የእህቴን እጅ ይዤ እየጎተትኩ አወጣኋት። ባዶው መንገድ መሃል አቆምኳትና «ያውልሽ!» አልኳት።

ቀና አለች። አንገቷን ወደ ግራ አዞረች፣ ወደ ቀኝ አዞረች። ፊቷ ላይ ያረፈውን በጣቷ ነካች። «ይሰማኛል» አለች። «የታለ?»

ያን ጊዜ ገባኝ። በረዶው ይንሳፈፋል፣ ይዞራል፤ በእሷ ጠባብ ቀለበት ውስጥ ገብቶ ሳትይዘው ይወጣል። ከበስተኋላው ያለው ሰማይም ያው ነጭ ነው። ወንዙ ውስጥ ያለው ዓሣ ቆሞላታል፤ ይህ ግን አይቆምም። «እዚያ ጋ! አይ፣ ከፍ በይ! እዚህ፣ እጄን እዪ!» እያልኩ እንደ እብድ ተሯሯጥኩ። እሷ እጄን ትፈልጋለች፣ ስታገኘው መዳፌ ላይ ውኃ ብቻ ነው። እየወረደላት፣ መሃሉ ቆማ፣ ሳታየው ልትሄድ ነው።

«ቁም» አለችኝ።

«እቴቴ፣ ሊያቆም ይችላል፣ ቶሎ…»

«ቁም አልኩህ። አትንቀሳቀስ።»

ልጅ ሳለሁ ፀጉሬን ስታበጥርልኝ በምታወጣው ድምፅ ነው ያለችኝ። ቆምኩ። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች፤ ራሴ በሙሉ እንዲገባላት ነው። በረዶው እላዬ ላይ ያርፍ ጀመር። ፀጉሬ ላይ፣ ቅንድቤ ላይ፣ አራት ቀን ያልተላጨሁት ጢሜ ላይ፤ መሬት ላይ የማይቆየው እኔ ላይ ቆየ። እህቴ ታየኛለች። ፊቷ ቀስ እያለ ሲፈታ አየሁ።

«ሸበትክ» አለች።

ሳቅ መጣብኝ፤ ግን እንዳይረግፍ ፈርቼ ዋጥኩት።

«ሽማግሌ ስትሆን ማየት አይደርሰኝም ብዬ ነበር» አለች። እንባዋ ወርዷል፣ አልጠረገችውም፤ ዓይኗን ከእኔ ላይ ማንሣት አልፈለገችም። «ብዙ ጊዜ የማስበው እሱን ነው። ይሸብታል፣ እኔ ግን በድምፁ ብቻ ነው የማውቀው እያልኩ። አሁን አየሁህ። ያምርብሃል።»

ጆሮዬ እስኪደነዝዝ ድረስ ሳልንቀሳቀስ ቆምኩላት፤ እሷም እስኪበቃት አየችኝ።