«ነካ ነው ያደረግኩት»

ተማሪዎቹ ጋሽ ፍሬን ይሉታል። የመንጃ ማሰልጠኛ መኪና ተማሪው ከሚረግጠው ፍሬን ሌላ በአስተማሪው እግር ሥር አንድ ትርፍ ፍሬን አለው፤ የእሱ እግር ደግሞ ከዚያ ላይ ተነስቶ አያውቅም። ተማሪው አደጋውን ገና ሳያየው መኪናው ቀጥ ይላል። «ምን ሆነ ጋሼ?» ሲሉት «ገና አልሆነም፤ ሊሆን ነበር» ይላል። ሌላ ማብራሪያ የለም።

እኔ ከእሱ በላይ ባለው ፎቅ ላይ እኖራለሁ። ሁለታችንም በዕድሜ ስለገፋን ጠዋት ጠዋት አብረን እንራመዳለን፤ እዚህ የምጽፈውን አብዛኛውን የነገረኝ በእርምጃ መሀል ነው፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ። ሰው የሚያፍርበትን ነገር ጎን ለጎን እየሄደ ካልሆነ መናገር የሚችል አይመስለኝም። ፊት ለፊት የተቀመጡ ወንበሮች ለክርክር እንጂ ለእፍረት አልተሠሩም።

ዕድሜውን ሙሉ ያስተማረው መንዳት ነው፤ ኩራቱ ግን ማቆም ላይ ነበር። ሜዳው ላይ ሁለት ባዶ በርሜሎች ያቆምና ተማሪውን በመሀላቸው ወደ ኋላ እንዲገባ ያደርገዋል። «ስፖኪዮ ወሬኛ ነው፤ ግማሹን ብቻ ነው የሚነግርህ። አንገትህን አዙር» ይላል። በርሜል የነካ ተማሪ ወየውለት። «መኪናውን እጅ አደረግከው እንዴ? መብራት እንደጠፋበት ሰው ግድግዳ እየዳበስክ ነው የምትገባው?» ብሎ ሌሎቹ እስኪስቁ ያሸማቅቀዋል። በሰፈሩም ቢሆን የሰው መኪና ገፋ እያደረገ ቦታ የሚያበጅ ሹፌር ሲያይ ቆሞ ነበር የሚያየው፤ ምንም አይናገርም፣ ቆሞ ያያል ብቻ። ሰውየው ከመኪናው ሲወርድ አንገቱን ደፍቶ ነው።

ከዚያ የራሱ አንገት ደረቀ።

መቼ እንደጀመረው በቅጡ አያውቅም። ቀኑን ሙሉ በተማሪ ጎን ተቀምጦ የሚውል ሰው ወደ ኋላ የሚያየው በተማሪው አንገት ነው። አንድ ቀን ግን በራሱ መኪና ወደ ቤት ሲገባ ሊዞር ሞከረ፤ አንገቱ ትከሻው ላይ ሳይደርስ እንደዛገ ማጠፊያ ያዘው። ሐኪም ዘንድ አልሄደም። ሐኪም ያየው እንደሆነ ነገሩ ስም ይወጣለታል፤ ስም ከወጣለት ደግሞ ማሰልጠኛው ይሰማል ብሎ ፈራ።

የምንኖርበት ሕንፃ ፊት ያለው መንገድ ጠባብ ነው፤ መጨረሻው ግድግዳ። የእሱ ማቆሚያ ከፊቱ የመብራት ምሰሶ፣ ከኋላው ደግሞ የአንዲት ጎረቤታችን አዋላጅ ሰማያዊ መኪና ነው። አንገቱ እምቢ ካለው በኋላ እንዴት እንደሚገባ ነገረኝ። ማርሹን ወደ ኋላ ያስገባል፤ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብሎ ይለቃል፤ ወደ ፊት እያየ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ከዚያ ይጠብቃል። አንዲት የታፈነች ድምፅ ትሰማለች፣ ትራስ ላይ እንደተጣለ መጽሐፍ ያለች። ያኔ ፍሬን ይይዛል። ገብቷል ማለት ነው።

ሚስቱ አጠገቡ ስትሆን «ነካኸው እኮ» ትለዋለች።

«ነካ ነው ያደረግኩት። ፓራውልት ለምን ተሠራና?»

ይህን ቃል ከሰማሁ ወዲህ ብዙ አሰብኩበት። ቋንቋችን ለጥፋት የተለየ ርኅራኄ አለው። አንድን ግሥ አሳጥረን «አደረግኩ» ወይም «አልኩ» የምንልበት ጊዜ ድርጊቱ ሳይቀየር ክብደቱ ይቀንሳል። ጠጣ አደረግኩ ያለ ሰው የጠጣው ብርጭቆ ይሁን ጠርሙስ ማን ያውቃል? ዘግየት አልኩ ያለ ሠራተኛ ምሳ ሰዓት ላይ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ሰረቅ አድርጎ ያየ ዓይንም ሌባ አይባልም። ጥፋቱን የምናጠፋው በመካድ አይደለም፤ በማሳነስ ነው። የካደ ሰው ቢያንስ የሚክደውን ነገር በሙሉ ቁመቱ ያውቀዋል። ወዳጄ አልካደም። በየቀኑ ነካ አደረገ እንጂ።

አዋላጇ ምድር ቤት፣ መድኃኒት ቤት ከሚሠራው ባሏ ጋር ትኖራለች። መንዳት ያስተማራት ጋሽ ፍሬን ራሱ ነው። «እንደ እሷ አንገቷን የሚያዞር ተማሪ አላጋጠመኝም» ይላል፤ ይህን ሲናገር ድምፁ ይወርዳል። ሥራዋ በፈረቃ ስለሆነ አንዳንዴ እሱ ሳይመጣ ታቆማለች፤ አንዳንዴ ደግሞ እሱ ከቆመ በኋላ ከኋላው ትገባለች። ስለዚህ በሰማያዊው ፓራውልት ላይ የእሱ ነጭ ቀለም ሲታይ፣ በእሱም ላይ ሰማያዊ ሲገኝ፣ ሁለቱ መኪኖች መነካካታቸው ግልጽ ሆነ። ማን ማንን ነካ የሚለው ግን በጀማሪ ሹፌርና በአስተማሪዋ መሀል ሲሆን ጥያቄ እንኳ አልነበረም። ሁሉም መልሱን የሚያውቀው መሰለው። እሷም ጭምር።

ባሏ ቀልደኛ ነው፤ ክፋት የለውም፤ ልክ ግን አያውቅም። በር ላይ ቁልፍ ይዛ ስትገባ «ዛሬስ ማንን ሳምሽ?» ይላታል። እንግዳ ፊት ደግሞ «የእኔ ሚስት መኪና አታቆምም፤ እንደ አውሮፕላን ነው የምታሳርፈው» ይላል። መጀመሪያ አብራ ትስቅ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የጋሽ ፍሬንን በር አንኳኳች። የሥራ ልብሷን አልቀየረችም። አልቀመጥም አለች፤ ሚስቱ ግን እጇን ይዛ አስቀመጠቻትና ሻይ አመጣችላት።

«ጋሼ፣ መኪናዎን የምገጨው እኔ ነኝ» አለች።

እሱ ስኳሩን ማማሰል ጀመረ።

«እንዴት እንደምነካው አይሰማኝም። በጣም ተጠንቅቄ ነው የምገባው፤ ርቀቱንም ወርጄ አያለሁ። ጠዋት ስወጣ ግን አዲስ ጭረት አገኛለሁ። እርስዎ ያን ሁሉ ደክመውብኝ… ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

እዚህ ላይ ሁለት መንገድ ነበረው። በእግሩ ሥር ግን ፍሬን አልነበረም፤ ስለዚህ ተንሸራተተ።

«ምንም አይደል ልጄ» አላት። «ይቅር ብዬሻለሁ። ጀማሪ ሁሉ ነካ ያደርጋል።»

አመሰገነችው። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ስትወጣ ሚስቱ ብርጭቆዎቹን ሰበሰበች፤ አጠገቡ እየተቀመጠች ስንት ጊዜ ያችን የታፈነች ድምፅ የሰማች ሴት ናት። ከጓዳው በር ላይ ዞር ብላ «ደግ ሰው ነህ» አለችው። ሌላ ምንም አልጨመረችም። እስከ ዛሬም አልጨመረችም።

ከዚያ በኋላ አዋላጇ በአውቶቡስ መሄድ አበዛች። ሰማያዊው መኪና አቧራ ለበሰ። እሱ ግን መግባቱን አልተወም፤ ቆማ በምትውል መኪና ላይ አዲስ ጭረት እንዳይወጣ ይጠነቀቅ ጀመር፣ ከምሰሶው ጋር ሊጣበቅ እስኪደርስ። ይህ ጥንቃቄ ከመንካቱ ይልቅ ያሳፍረኛል ይላል፤ ሲፈልግ መጠንቀቅ ይችል እንደነበር ያስታውሰዋልና።

አንድ ቀን የአዋላጇን ባል ደረጃ ላይ አገኘው። ባሏ ያለወትሮው አይቀልድም። ከከተማ ውጭ አዲስ የተከፈተ ጤና ጣቢያ የእናቶች ክፍል ኃላፊ አድርጎ መርጧታል፤ አውቶቡስ ግን እዚያ አይደርስም። መኪና የሚነዳ ሰው ይፈልጋሉ። «እምቢ ልትል ነው። ሰኞ ትነግራቸዋለች» አለው። «መኪናውንም እንሸጠዋለን። እንግዲህ ምን ይደረግ፣ ጋሼ፤ እርስዎም ያልቻሉትን…» ብሎ ትከሻውን ነቀነቀ።

ቅዳሜ ጠዋት ከእርምጃ ስንመለስ ባልና ሚስት መኪናውን እያጠቡ አገኘናቸው። የፊት መስተዋቱ ላይ «ይሸጣል» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ወዳጄ ቆመ። እኔ ያኔ የማውቀው ነገር ስላልነበረ ትንፋሽ አጥሮት መሰለኝና ክንዱን ያዝኩት። ክንዱን ቀስ ብሎ አስለቀቀኝ።

«አንሺው» አላት።

«ምኑን፣ ጋሼ?»

«ወረቀቱን። መኪናሽ አይሸጥም።»

ባሏ ጨርቁን እየጨመቀ ሳቀ። «እርስዎ ሊገዙት ነው እንዴ? ይሁን፤ ቀለማችሁ እንደሆነ ከተቀላቀለ ቆይቷል።»

«እሷ አይደለችም» አለ ወዳጄ። «እኔ ነኝ። ወደ ኋላ ስገባ ነው… ነካ እያደረግኩት። ነካ ነው ያደረግኩት።»

ባሏ ሳቁን ሳይጨርስ ጎንበስ አለ። ጣቱን የፓራውልቱ ስንጥቅ ላይ አደረገ፤ ጣቱ ገባ።

«ይሄ ነካ ነው፣ ጋሼ?»

ቀልድ አልነበረበትም። ልጅ አባቱን እንደሚጠይቅ ነበር የጠየቀው፤ ነው ቢለው የሚያምነው ይመስል ነበር። ያን ጊዜ በወዳጄ ግንባር ላይ ያየሁት ላብ የእርምጃ አልነበረም።

«ገጨሁት» አለ። «ደጋግሜ ገጨሁት። እያወቅኩ።»

አዋላጇ የውሃውን ባልዲ መሬት አስቀመጠች።

«ቤትዎ መጥቼ ነበር እኮ።»

«አዎ።»

«ይቅርታ ጠይቄዎት ነበር።»

«አዎ።»

«ይቅር ብዬሻለሁ አሉኝ።»

ሦስተኛው አዎ አልወጣለትም።

«ለምን?» አለችው።

«አንገቴ አይዞርልኝም።»

«እሱን አልጠየቅኩም።»

ከሁላችንም ወደ ግድግዳው ዞረች፤ ከዚያ እርጥብ እጆቿን ወደ ፊቷ አንስታ አየቻቸው። «እዚህ እጄ ላይ ነው ሕፃን የሚወጣው» አለች። «ሥራ ላይ ሆኜ ቆም እያልኩ አየው ነበር። የመኪና ልክ እንኳ የማያውቅ እጅ እንዴት ይታመናል እያልኩ። ሰኞ እምቢ የምለው ለመኪናው ብዬ መስሎዎት ነው?»

ባሏም ቢሆን ያን ያህል እንደሆነ አላወቀም ኖሯል፤ ጨርቁን እንደያዘ ቀረ። «ዛሬስ ማንን ሳምሽ» ዳግመኛ ከአፉ አልሰማሁም።

ወረቀቱን ራሷ አነሳች። ሙጫው አንድ ጥግ ላይ ቀረ። መኪናው ውስጥ ገብታ ሞተሩን አስነሳች፤ ወጣች፤ መንገዱ ጫፍ ድረስ ሄዳ ተመለሰችና በወዳጄ መኪናና ከኋላ በቆመው ትልቅ የዕቃ መኪና መሀል ወደ ኋላ መግባት ጀመረች። ጋሽ ፍሬን ሳያስበው እጁን አነሳ፣ ና በል፣ ግራ፣ ቀኝ ሊል። እሷ ግን አላየችውም። አንገቷን አዙራ ወደ ኋላ ነበር የምታየው፣ ልክ እንዳስተማራት። የተነሳውን እጅ የሚያደርግበት ቢያጣ ኪሱ ከተተው። በሁለቱም በኩል ክፍተት ቀረ። ያች የታፈነች ድምፅ አልተሰማችም።

ሰኞ ሥራውን ተቀበለች። እሱም በዚያው ሰኞ ማሰልጠኛው ሄዶ አንገቱን ነገራቸው። አላባረሩትም፤ ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ፊት አቁመውት የመንገድ ምልክት ያስተምራል። ስሙ ተከትሎት ሄደ፤ ዛሬም ጋሽ ፍሬን ነው፣ በእግሩ ሥር ግን ያለው የሲሚንቶ ወለል ነው። ሐኪምም አየው። ለሕመሙም ስም ወጣለት፤ ረጅም ስም ነው፣ ሊነግረኝ ሲሞክር ተሳሳተ።

ይቅር ብላው እንደሆነ አላውቅም። እሱ ያችን ቃል አልጠየቃትም፤ አንዴ ያለ ቦታዋ ስለተጠቀመባት አፉ ውስጥ አትዞርለትም። መኪናውን የሚያወጣው አልፎ አልፎ፣ ሚስቱን ገበያ ለማድረስ ነው፤ ሐኪሙ በመስተዋት ብቻ ሊሄድ የሚችለውን መንገድ ለይቶ ነግሮታል። ሲመለስ መንገዱ አፍ ላይ ያቆምና ውስጡ ቁጭ ይላል። አላፊው «ጋሼ፣ ምን ሆነው ነው?» ሲለው «ሰው እየጠበቅኩ ነው» ይላል፤ ውሸት አይደለም። አዋላጇ ከጤና ጣቢያው ትመጣለች፤ የራሷን መኪና ታቆማለች፤ ከዚያ ተመልሳ መስተዋቱን በጣቷ ታንኳኳለች።

«ይውረዱ፣ ጋሼ።»

ይወርዳል። እሷ ትገባና ታቆምለታለች። ምሰሶው ሥር ቆሞ ይጠብቃታል፤ ሚስቱ ዘንቢሏን ይዛ ሳታየው ታልፋለች።

ባለፈው ሳምንት አብሬው ቆሜ ነበር። አዋላጇ አቁማ ወርዳ ቁልፉን ስትሰጠው ከልማድ ይሁን ከሌላ ነገር እንጃ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ «ነካ አደረግሽው?» አላት።

«አልገጨሁትም፣ ጋሼ» አለችው።

ቁልፉን ተቀበለ። ሊያያት ፈልጎ ነበር መሰለኝ፤ ግን እሷ በጎኑ አልፋ ሄዳ ነበር፣ እሱ ደግሞ ለመዞር መላ ሰውነቱን ማዞር አለበት። ዞሮ ሲጨርስ የሕንፃው በር ተዘግቷል።