የትርንጎ ዐሥር ዓመት

ከጎንደር በወጣንበት ዋዜማ ሚስቴ ትርንጎ ዕድሜዋን ስታጠና አመሸች። ሻንጣው ታስሯል፣ ጎረቤት ተሰናብቷል፣ እናቴ ወረቀቷ ስላልመጣ ቀሪ ናትና ጥጓን ይዛ ተቀምጣለች። እኔ ደግሞ እንደ አስተማሪ ጣቴን ቀስሬ «ስንት ዓመትሽ ነው?» እላለሁ። «ሠላሳ ስም...» ስትል «ወደቅሽ!» እላታለሁ። «ሃያ ስምንት በይ!»

ነገሩን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ለጉዞ ስንመዘገብ ወረቀት ጠባቂው በሚሰበሰብበት ግቢ የሚወራው፣ ሠላሳ አምስት ያለፈውን ሰው ካደረሱት በኋላ በመጣበት አውሮፕላን ይመልሱታል የሚል ነበር። ወሬውን ያሳበጥኩት እኔው ራሴ ሳልሆን አልቀርም። ብቻ ፎርሙ ላይ ከትርንጎ ዕድሜ ዐሥር ዓመት ላጨሁ። ከራሴ አልቀነስኩም፤ ሽበቴ ይመሰክርብኛል። ልጃችን ሙሉ ያኔ ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ እሷ የክትባት ካርድ ስላላት አልነካኋትም። የእናትና የልጅን ዕድሜ አስተያይቶ ያየ አንድም ሰው አልተገኘም።

ይኸው ሐይፋ ከተማ፣ ክርያት ሐይም ሰፈር ከገባን አምስት ዓመት ሆነን። ባሕሩ እንደ ጣና መስሎኝ ተጎንጭቼው ሦስት ቀን ሙሉ ውኃ ስጠጣ ከረምኩ። የሱቁ ዶሮ ከነጭራሹ ላባ አብቅሎ የሚያውቅ አይመስልም። ነሐሴ ላይ ዝናብ ስጠብቅ የሚዘንበው የራሴ ላብ ነው። ይሁን፣ ይለመዳል። ሙሉም ዛሬ ሃያ አንድ ሞልቷት ወታደር ናት።

ዘንድሮ ትርንጎ ፀነሰች። በወረቀት በሠላሳ ሦስት፣ በእግዚአብሔር ዘንድ በአርባ ሦስት።

እዚህ ነፍሰ ጡር የሚከታተል «ቲፓት ሐላቭ» የሚሉት ጤና ጣቢያ አለ። የእኛዋ ነርስ ኦርሊ ትባላለች፤ ወላጆቿ የጎንደር ሰዎች፣ እሷ የዚሁ ተወላጅ፣ ሽማግሌውን ሁሉ «አንተ» የምትል። መታወቂያውን አይታ «ወጣት ነሽ፣ ቤሰደር፣ ደኅና ነው፣ የትልልቆቹ ምርመራ አያስፈልግሽም» ትላታለች። ትርንጎ ትሽኮረመማለች። እኔ ግድግዳው ላይ በአማርኛ የተለጠፈውን አነባለሁ፦ የሚወለደውን ሕፃን ለአደጋ የሚያጋልጡ ነገሮች፣ የእናት ዕድሜ መግፋት፣ የደም ግፊት፣ ስኳር፣ የሲጋራ ጭስ፣ ከዚህ በፊት ያለ ጊዜው የተወለደ ወይም የሞተ ልጅ። የቤታችንን ጉድ ማን ነግሯቸው ለጠፉት?

«እንንገራት» ስላት ትርንጎ ዓይኗን አፈጠጠች። «ዋሽተው ገቡ ብለው ዜግነታችንን ይቀሙናል! ደግሞስ የሰፈሩ ሴት ሁሉ አሮጊት ይበለኝ?»

ሰባተኛው ወር ሲጋመስ እግሯ አበጠ። «ጫማው ነው» አለች። ባዶ እግሯን ነበረች። ጎትቼ ወሰድኳት።

ኦርሊ ኮምፒውተሯን ከፈተች። «ሬጋ፣ አንዴ ቆዩ። ዘመዳሞች ናችሁ?»

«ምን ማለትሽ ነው? እኛ ሰባት ቤት ቆጥረን ነው የምንጋባ!»

«ታጨሳለህ?»

«ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ አላጨስም።» ከዚያ ዓይኔን ጨፍኜ፣ «አርባ ሦስት ዓመቷ ነው» አልኩ።

ኦርሊ ሳቀች። «ባለፈው አንተ ራስህ መቶ ዐሥር ዓመቴ ነው ብለኸኛል።»

«የዛሬው እውነት ነው! ልጃችን ሃያ አንድ ዓመቷ ነው። ከሠላሳ ሦስት ቀንሺ።»

ቀነሰች። ፊቷ ተለወጠ። «በዐሥራ ሁለት ዓመቷ ነው ያስወለድካት?» እጇ ወደ ስልኩ ሄደ።

ወይ ውሸታም፣ ወይ ወንጀለኛ፤ አንዱን መምረጥ ነበረብኝ። እንደዚያን ቀን ውሸታም መባልን ተመኝቼ አላውቅም። «ውሸታም ነኝ!» ብዬ ጮህኩ። «በኦሪት እምላለሁ፣ ውሸታም ነኝ! ወረቀቱን ያበላሸሁት እኔ ነኝ!»

ኦርሊ ስልኩን ተወችው። ወደ ትርንጎ ዞራ ቀስ ብላ፣ «ስንት ጊዜ ወልደሻል?» አለቻት።

«አንዴ» አልኩ እኔ። ሁልጊዜም የምንለው ነው።

ትርንጎ መሬት መሬት እያየች ሁለት ጣቷን አነሣች። «ሁለት ነው። ከሙሉ በኋላ ወንድ ነበር። ያለ ወሩ መጣ። ሦስት ቀን ቆየ።»

በእኛ መንደር ስምንት ቀን ሳይሞላው፣ ሳይገረዝና ስም ሳይወጣለት ለሄደ ልጅ ልቅሶ አይቀመጡም፤ ከወለዱትም አይቆጥሩትም። እስከ ሰባት ቤት ዘመድ የምቆጥር ሰውዬ የገዛ ልጄን ዐሥራ ስምንት ዓመት ሳልቆጥረው ኖርኩ።

ኦርሊ ግፊቷን ለካች። ደግማ ለካች። ሦስተኛውን ስትለካ አምቡላንሱን እየጠራች ነበር።

የሆስፒታሉ ሐኪም ግፊቷ እሷንም ልጁንም እየጎዳ ነው፣ ልጁ ዕድገቱ ወደ ኋላ ቀርቷል፣ ቢያንስ ጥቂት ቀን በመድኃኒት እንሞክር አለ። «ቀደም ብለን ብናውቅ ከመጀመሪያው በቅርብ እንከታተላት ነበር» ሲለኝ እንደ ተራ ነገር ነው፤ እኔን ግን ይህች «ቀደም ብለን» አትለቀኝም። ስምንተኛው ወር እንደ ገባ ልጁ በኦፕራሲዮን ወጣ። ወንድ። ዜግነታችንንም ማንም አልቀማን፤ አንዲት የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ የትርንጎን ዕድሜ በእስክሪብቶ አስተካክላ «ሌላስ?» ብላ አለፈች። ለዚህች እስክሪብቶ ነበር የፈራነው! ጎንደር ወረቀት የምትጠብቁ፣ እባካችሁ ዕድሜ አትላጩ። የሞተባችሁንም ልጅ ለሐኪም ንገሩ።

ዛሬ ጠዋት ሕፃኑ ከተኛበት ክፍል መስተዋት ፊት ቆሜ ሳለሁ እናቴ ከጎንደር ደወለች።

«ስንት ኪሎ ነው?»

«አራት።»

የእኔን ወሬ በግማሽ ነው የምትሰማው። «ሁለት ነው በለኛ።»

«ከሁለትም ይጎድላል፣ እማዬ።»

«ይተነፍሳል?»

«ማሽን ያግዘዋል።» ደረቱ የእጄን መዳፍ አያክልም፤ ከፍ ሲል እጠብቃለሁ፣ ዝቅ ሲል እሞታለሁ።

«ስሙን ንገረኝ፣ ልጸልይለት።»

«ገና ነው። ስምንት ቀን አልሞላውም፣ ግርዛቱም እስኪጠነክር ይቆያል ብለዋል።»

«ታዲያ ማን ብዬ ልለምን?»

ቀልድ ፈለግሁ። አንድም አልመጣ አለኝ። «የትርንጎ ልጅ በይ» አልኳት።

«ለፊተኛውም እንደዚያው ብዬ ነበር» አለች እናቴ። «ለዚህ ስም ስጠኝ።»