ከታጣፊው ስልክ ላይ የነቀልኩት ላስቲክ

ሥራ በጀመርኩበት ቀን ጋሽ ይመር ካቻቢቴ አላስነኩኝም። ከሚሴ መናኸሪያው ፊት ለፊት ያለችውን የሬዲዮና የቴፕ መጠገኛ ሱቃቸውን ያኔ ገና ወደ ሞባይል መለወጣቸው ነበር። አንድ ዱካ አምጥተው ከጠረጴዛው ማዶ፣ በደንበኛ በኩል አስቀመጡኝና «ዛሬ ደንበኛ ነህ፤ ተቀምጠህ እጄን እይ» አሉኝ። ቀኑን ሙሉ እጃቸውን ሳይ ዋልኩ።

አመሻሽ ላይ ምን እንዳየሁ ጠየቁኝ። ስለ ወረንጦው፣ ስለ መበየጃው፣ ስለ ቴስተሩ ደረደርኩላቸው። «እሱን ማንም ያየዋል» አሉ። «ባለቤቱ ተነስቶ ሲወጣ እኔ ምን አደረግኩ?» አላየሁም ነበር። ለካ ደንበኛው ለሶላት ወይም ለጉዳይ በወጣ ቁጥር ካቻቢቴያቸውን አስቀምጠው፣ እጃቸውን አጣጥፈው ይጠብቁት ኖሯል። «ባለቤቱ በሌለበት የሰው ዕቃ አይነካም። የዛሬ ትምህርትህ ይኸው ነው» አሉኝ። ለዚህች ቀኑን ሙሉ መጎለቴ አናዶኝ ነበር።

ሕጉ ግን ከንቱ አልነበረም። በዚያ ዘመን ሰው ስልኩን ለጠጋኝ ሲሰጥ እንቅልፍ አይወስደውም። ባትሪዬን ለወጠው፣ ስፒከሬን አወጣው ብሎ ይጠረጥራል። ስለዚህ ደንበኛው ዱካዋ ላይ ተቀምጦ እያንዳንዷን ብሎን በዓይኑ ይከተላል፤ እኛም በነጭ ጨርቅ ላይ በተራ እንደረድርለታለን። በየሳምንቱ ጨርቋን አጥቤ የማሰጣት እኔ ነበርኩ።

ሐጂ እንድሪስን ያወቅኳቸው እዚያች ዱካ ላይ ተቀምጠው ነው። በሰንበቴ የከብት ገበያ ደላላ ናቸው፤ ከቆላ የሚመጣውን አፋርና ከደጋ የሚወርደውን ገበሬ ያስማማሉ። ጥቁር፣ ትንሽ፣ ታጣፊ ስልክ ነበረቻቸው። ስትዘጋ «ቀጭ» ትላለች። ገበያው መሃል ሲከራከሩ ቆይተው ያቺን ስልክ ቀጭ ካደረጓት ነገሩ አበቃ ማለት ነው። «ሐጂ ዘጉት» ይባላል፤ ከዚያ ወዲያ የሚጨቃጨቅ የለም። የስልኳ ድምፅ ከሽማግሌ ቃል እኩል ይከበር ነበር።

የታጣፊ ስልክ በሽታዋ አንድ ነው። ከክዳኗ ወደ ታችኛው ክፍል የምታልፍ ሪቦን የምትባል፣ እንደ ወረቀት የሳሳች ሽቦ አለቻት፤ መታጠፊያው ላይ ትበጠሳለች። ያኔ ስክሪኑ ይነጣል፣ ድምፁ ይጠፋል። ጋሽ ይመር ዓይናቸው ሲደክም ይህን ሥራ ለእኔ ተዉልኝ። የሐጂን ሪቦን ስንት ጊዜ እንደለወጥኩ እኔም እሳቸውም አናውቅም። በማጉያ መነጽር አጎንብሼ ስሠራ ሐጂ ከማዶ ስለ ገበያው ያወሩኛል፤ ጋሽ ይመር ከጀርባዬ ቆመው «እጅህን አታንቀጥቅጥ» ይሉኛል። ያን ጊዜ አብዝቼ እናፍቀዋለሁ። ጋሽ ይመር ካረፉ በኋላ ሱቁ ለእኔ ቀረ፤ ከጀርባዬ የሚቆም ግን ጠፋ።

ከዚያ ስልክ ሁሉ ጠፍጣፋ ሆነ። የሥራችን ግማሹ የስክሪን ላስቲክ መለጠፍና መንቀል ሆኖ ቀረ። የእኛ አገር ሰው የአዲስ ዕቃ ላስቲክ አይነቅልም። ቴሌቪዥኑም፣ ሪሞቱም፣ የባጃጁ ወንበርም ከነላስቲኩ ያረጃል። የጨፋ ሜዳ አቧራና ላብ ከሥሩ ገብቶ ስክሪኑ እስኪጨልም ይዘውት ይዞራሉ፤ ከዚያ «ሰይዶ፣ አላይ አለኝ» እያሉ ይመጣሉ። እኔም ጥፍሬን ከጥጉ አስገብቼ እስበዋለሁ። በቀን አሥርም ሃያም ነቅያለሁ። አንዱን ሰው ዓይንህ ሳይሆን ላስቲክህ ነው የታመመው ብዬ መነጽር ከመግዛት አድኜዋለሁ።

ዘንድሮ አንድ ረቡዕ ሐጂ እንድሪስ ሁለት ስልክ ይዘው መጡ።

«አካም ጅርታ፣ ሰይዶ?» አሉኝ፤ እንዴት ነህ ማለታቸው ነው።

«ነጋያ፣ ሐጂ። አልሀምዱሊላህ።»

አንዱ ስልክ የድሮዋ ነበረች፤ ሪቦኗ እንደገና ተበጥሷል። ሌላው አዲስ፣ የሚያብረቀርቅ፣ መሃሉ ላይ የሚታጠፍ ዘመናዊ ስልክ ነው። «ፋጡማ ላከችልኝ። አርብ ኒካሗ ነው» አሉኝ።

ፋጡማ የመጨረሻ ልጃቸው ናት፤ ጅዳ ከሄደች ስድስት ዓመት ሆኗታል። የሚያገባት እዚያው የሚሠራ የጨፋ ሮቢት ልጅ ነው። ኒካሁን በወኪል ማሰር ይቻል ነበር። እሷ ግን «አባቴ ፊቴን እያየ ካልዳረኝ» ብላ፣ የቪዲዮ ጥሪውን ሁሉ ሞልታና አስተካክላ፣ ወደ አገር በምትመለስ ጎረቤት እጅ ስልኩን ላከችው። ታጣፊ የመረጠችው አባቷ ጠፍጣፋ ስልክ እንደማይወዱ ስለምታውቅ ነው። በስድስቱ ዓመት ውስጥ ድምፅዋን ሰሙ እንጂ ፊቷን አላዩም። የሰው ስልክ ተውሶ ማየትም አይወዱም ነበር፤ «ልጄን በውሰት አላይም» ይላሉ።

«እንግዲህ እንደ በሬ አገላብጠህ እየው» አሉኝ። «ደጉንም ክፉውንም ንገረኝ። እኔ በምላሴ የማድር ሰው ነኝ፤ በሰው ምላስ መሸወድ አልፈልግም።»

ከፍቼ፣ ዘግቼ፣ አገላብጬ አየሁት። «ደጉ ይኼ ነው፣ ሐጂ። ሲታጠፍ ከደረት ኪስ ይገባል። ስክሪኑ ወደ ውስጥ ስለሚዘጋ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር አይፋጭም። ግማሽ ድረስ አጥፈው ቢያስቀምጡት ሳይያዝ ይቆማል፤ እጅዎ ነፃ ሆኖ ያወራሉ። በጀርባው ደግሞ ትንሽ መስኮት አለችው፤ ሳይከፍቱት ማን እንደደወለ ያያሉ።»

«ክፉውስ?»

«መሃሉን በጣትዎ ይዳስሱት፤ ስርጉድ አለው፤ እሱ አይጠፋም። አቧራ መታጠፊያው ውስጥ ከገባ ይጎዳዋል፤ እኛ ጋ ደግሞ አቧራ አይታጣም። ባትሪው ቶሎ ያልቃል። ቢበላሽ መለዋወጫው አዲስ አበባም እንደ ልብ አይገኝም። ስክሪኑም እንደ ሌላው ስልክ ደረቅ መስታወት አይደለም፤ ለስላሳ ነው።»

የመጨረሻውን በአፌ ተናገርኩት እንጂ በልቤ አልያዝኩትም።

ሐጂ ስልኩን ተቀብለው ጆሯቸው አጠገብ ዘጉት። «ቀጭ አይልም» አሉ ቅር ብሏቸው። «ለገበያ አይሆንም። ለልጄ ግን ይሆናል።» ይህን ሲሉ የአስር ሶላት አዛን ተሰማ። «ሰግጄ ልምጣ» አሉና ሁለቱንም ስልክ ጠረጴዛው ላይ ትተው ወጡ።

ካቻቢቴዬን አስቀምጬ እጄን ማጣጠፍ ነበረብኝ። እኔ ግን አዲሱን ስልክ ከፍቼ ስክሪኑን በጨርቅ መወልወል ጀመርኩ። ጠርዙ ላይ ላስቲክ አየሁ፤ ጥጉ ላይ የፀጉር ያህል ተነስቷል። ለአርብ ጠርቶ ይታያቸው ብዬ ጥፍሬን አስገባሁ። እጄ ቀደመኝ ማለት ሰበብ ነው፤ እጄን ያስለመድኩት እኔው ነኝ። ከወትሮው ጠንከር አለብኝ። በዚህ ጊዜ መተው ሲገባኝ ይበልጥ ሳብኩት። መታጠፊያው ጋ ስደርስ ስክሪኑ ብልጭ አለ፤ አረንጓዴ መስመር አቋረጠው፤ ከዚያ ከላይ እስከ ታች ጠቆረ።

ከአዲስ አበባ መለዋወጫ የሚልክልኝ ነጋዴ ዘንድ ደወልኩ። «ነቀልከው?» ብሎ ጮኸ። «እሱ እኮ የስክሪኑ ቆዳ ነው! ሰውዬ፣ የስንት ዓመት ጠጋኝ ነህ?» ሌላ ስክሪን ከውጭ ማዘዝ እንደሚያስፈልግና አንድ ወር እንደሚፈጅ ነገረኝ። አርብ ከነገ ወዲያ ነበር።

ስልኩን አጥፌ ነጩ ጨርቅ ላይ አስቀመጥኩትና ላቤን ጠረግሁ። ወዲያው ጠራ። የጀርባዋ መስኮት በርታ የፋጡማ ስም መጣ። በጣቴ ሳብ ሳደርገው የክብሪት ቀፎ በምታህለው መስኮት ውስጥ ፊቷ ብቅ አለ።

«አባዬ?»

«አባትሽ መስጊድ ናቸው። ሰይድ ነኝ፣ ጠጋኙ።»

«ጋሽ ሰይድ! ያዩኛል? ስልኩ ጥሩ ነው?»

ሕፃን ሆና በአባቷ ጉልበት ላይ ተቀምጣ ሥራዬን ታይ የነበረች ልጅ ናት፤ ልዋሻት አልቻልኩም። ያደረግሁትን ነገርኳት። ዓይኗ እንባ ሞላ። ከዚያ ቀስ ብላ «አባዬ ያውቃል?» አለችኝ።

«ገና አላወቁም።»

«እንግዲያው በመንገድ ተበላሽቶ ነው የመጣው ይበሉት። እርስዎን ከሚቀየም እኔን ይቀየመኝ፤ እኔ ሩቅ ነኝ።»

ስልኩን ዘጋች። እውነቱን ልናገርና፣ ደስ አለኝ። ውሸቱ ተሰናድቶ ቀርቦልኛል፤ ዱካዋ ባዶ ስለነበረች የሚመሰክርብኝም የለም። ሐጂ በሩን አልፈው እስኪገቡ ድረስ እንደምዋሻቸው እርግጠኛ ነበርኩ።

ገብተው ዱካዋ ላይ ተቀመጡና «የድሮዋስ ተሠራች?» አሉኝ። አዲሱ ስልክ ላይ ምንም ጥርጣሬ አልነበራቸውም። ለእኔ ስትል ጥፋቱን በወሰደች ልጃቸው ላይ ሲያዝኑባት ታየኝ። ብድግ አልኩ።

«ሐጂ፣ የፋጡማን ስልክ ገደልኩት። ላስቲክ መስሎኝ ነቀልኩት። እርስዎ በሌሉበት።»

የነቀልኩትን ነገር አንስተው ወደ ብርሃን አቅንተው አዩት። «ይቺን?»

«እሷን።»

«ይመር ቢኖር ምን ይልህ ነበር?»

«መልሰው ዱካዋ ላይ ያስቀምጡኝ ነበር።»

«እንግዲያው ተቀመጥ» አሉና ተነስተው ለቀቁልኝ። በገዛ ሱቄ በደንበኛ በኩል ተቀመጥኩ። እሳቸው ከበላዬ ቆሙ። «ልጄን በዓይኔ ካየሁ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ሰይዶ» አሉ። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

«በእኔ ስልክ ይሁን» አልኳቸው፤ በእጃቸው ገፉኝ። ያኔ የመስኮቷ ነገር ትዝ አለኝ። ከራሴ ስልክ ፋጡማ ዘንድ ደውዬ በአዲሱ ስልክ እንድትደውል ነገርኳት። መስኮቷ በራች። ሐጂ ስልኩን አፍንጫቸው ሥር አስጠግተው አዩ።

«ፋጡማ! ምነው ከሳሽ?»

«አባዬ፣ ፂምህ እኮ ሁሉ ነጣ!»

ሁለቱም አለቀሱ፤ እኔም አልቀረሁ። ብዙ ከቆዩ በኋላ ፊታቸውን ሳያዞሩ «አብሽር» አሉኝ።

ሐሙስ መሳቢያዬን ገልብጬ ከሞተ ስልክ ሪቦን አወጣሁ። ሐጂ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው እያዩኝ የድሮዋን ስልክ ሠራኋት። እያንዳንዷን ብሎን ነጩ ጨርቅ ላይ በተራ ደረደርኩላቸው።

አርብ ከጁምዓ በኋላ ቤታቸው ተጠራሁ። አዲሱ ስልክ እንደታጠፈ ፔርሙዝ ተደግፎ ምንጣፉ መሃል ተቀመጠ። ሙሽሮቹን ለማየት ሽማግሌዎቹ በየተራ እያጎነበሱ «ማሻአላህ» ይላሉ፤ አንደኛው ሙሽራውን ይሁን ምስክሩን እንዳየ ሳያረጋግጥ መረቀ። ሼሁ ኒካሁን አሰሩ። ሐጂ «ልጄን ፋጡማን ድሬልሃለሁ» አሉ፤ ከወዲያ «ተቀብያለሁ» የሚል ቀጭን ድምፅ መጣ።

ዱዓው ሲያበቃ ሐጂ ስልኩን አነሱ። በልማዳቸው ቀጭ አድርገው ሊዘጉት ክዳኑን ፈለጉ። የሚዘጋ ክዳን የለም፤ ስልኩ ከመጀመሪያውም የታጠፈ ነው። ፋጡማ ከውስጥ ታያቸዋለች።

«እንዴት ነው የሚዘጋው?» አሉኝ።

«ተዘግቷል እኮ፣ ሐጂ።»

«ተዘግቶም ትታየኛለች?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ይቆይ» ብለው ከነልጃቸው ደረት ኪሳቸው ከተቱት። ከኪሳቸው ውስጥ «አባዬ፣ ጨለማ ሆነብኝ!» የሚል ሳቅ ተሰማ።

ስክሪኑ ከወር በኋላ መጣ፤ እሳቸው ተቀምጠው እያዩ ገጠምኩላቸው። እስከ ዛሬ ግን ፋጡማን የሚያነጋግሯት ሳይከፍቱት ነው። ሰንበቴ ሲወርዱ የድሮዋን ይይዛሉ።

ዱካዋ አሁንም ከጠረጴዛዬ ማዶ አለች። ደንበኛ ለሶላት ሲወጣ ካቻቢቴዬን አስቀምጬ፣ እጄን አጣጥፌ እጠብቀዋለሁ። ባለቤቱ በሌለበት የሰው ዕቃ አይነካም።